ደብተሬ ሞልቷል፣ ቃሉ ግን ከአፌ አይወጣም፦ መካከለኛ የእንግሊዝኛ ቃላትን እንዴት ያዛችኋቸው?

ሐይቅ ዳር ያለች · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ። ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እንኳን ደህና መጡ፣ ፓስፖርትዎን ይስጡኝ፣ ቁርስ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ነው የሚለውን እንግሊዝኛ ሳላስብ እናገረዋለሁ። ጭንቁ የሚመጣው እንግዳው ከዚያ አልፎ ወሬ ሲጀምር፣ ቅሬታ ሲያቀርብ ወይም ምክር ሲጠይቅ ነው።

ስለዚህ ባለፈው መስከረም ደብተር ገዛሁ። በየቀኑ 5 ቃል፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው። አንድም ቀን አላስታጎልኩም። አሁን ሁለተኛው ደብተር እያለቀ ነው፤ ከ1,000 ቃል በላይ ጽፌያለሁ። ከዚያ ሁሉ ስናገር የሚመጣልኝ 50 ቢሆን ነው።

ከወር በፊት የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ እንግዳ የጀልባው ጉብኝት "ኮምፕሊመንተሪ" ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያጠናሁት ቃል ስለሆነ ደስ አለኝ። ደብተሬ ላይ "የሚያሞግስ፣ አድናቆት ያለበት" ተብሎ ተጽፏል። ጉብኝቱ የሚመሰገን ነው ወይ ያሉኝ መስሎኝ "አዎ፣ በጣም" አልኳቸው። ከነቤተሰባቸው 5 ሆነው ተሳፈሩ፣ ጉማሬ አይተው ተመለሱ። ባለ ጀልባው ሂሳብ ሲጠይቅ "በነጻ ነው ተብለናል" አሉ። በሆቴል ቋንቋ ቃሉ ቤቱ ያለ ክፍያ የሚጋብዘው ማለት ኖሯል። ገንዘቡ ከደመወዜ ተቆረጠ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ቃሉን ጨርሶ ባላውቀው ኖሮ "ይቅርታ፣ አልገባኝም" ብዬ እጠይቅ ነበር። የጎዳኝ ማጥናቴ ነው። እናንተ እንዴት አድርጋችሁ ያዛችሁ? ሦስተኛ ደብተር ልግዛ ወይስ መንገዱን ልቀይር?

የሁለት ልጆች አባት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

አይዞሽ እህቴ። እኔ 5 ቃል ያንሳል ባይ ነኝ። ልጆቼን በቀን 20 ቃል አስጠናቸዋለሁ፤ ማታ እኔ እጠይቃለሁ፣ እነሱ ይመልሳሉ። የተሸመደደ ቃል አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም። ብዛቱን ጨምሪበት።

መምህር ከአቶቴ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ፣ ታሪክሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንግሊዝኛ ሳስተምር 20 ዓመት አልፎኛል፤ የአንቺን ደብተር የመሰሉ ደብተሮች በመቶ የሚቆጠሩ አይቻለሁ። ትጋትሽ ምንም አይወጣለትም። የጎደለው በቀኝ በኩል ያለው ቦታ ነው፤ ለአንድ ቃል አንድ መስመር ብቻ ሰጥተሽዋል። ኮምፕሊመንተሪ ሁለት ትርጉም ይዞ መጣ፣ ደብተርሽ አንዱን ብቻ አስገብቶ በሩን ዘጋ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በቤንጋል ያስተማሩት ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 2,000 ያህል ዋና ዋና የእንግሊዝኛ ቃላትን ዘርዝረው ሲያሳትሙ ቃላቱን ብቻ ደርድረው አልተዉአቸውም። አንድ ቃል ስንት ትርጉም እንዳለው፣ የትኛው ትርጉም ከመቶ ስንት እጅ እንደሚያጋጥም ጭምር አስፍረዋል። መምህሩ የትኛውን ትርጉም አስቀድሞ ማስተማር እንዳለበት እንዲያውቅ ነው። አንቺም ያስፈለገሽ ይኸው ነው። ሆቴል ውስጥ ለምትሠራ ሰው "በነጻ የሚሰጥ" የሚለው መቅደም ነበረበት፤ "የሚያሞግስ" የሚለው ቢቆይም አይጎዳም።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ ልምጣ፤ መካከለኛ ቃላት ላይ የምንደናቀፈው እዚህ ነውና። "አስታውሳለሁ" እና "አስታውሰኝ" ብለን በአንድ ግሥ እንገላገላለን። እንግሊዝኛው ራስሽ ስታስታውሺ ሪሜምበር፣ ሌላውን ስታስታውሺ ሪማይንድ ይላል። ሁለቱንም "ማስታወስ" ብሎ የጻፈ ደብተር ተማሪውን "ነገ ሪሜምበር ሚ" ያሰኘዋል። እንግዳሽ በ12 ሰዓት ሪማይንድ አድርጊኝ ካሉሽ ሥራው የአንቺ ነው፤ ደውለሽ ትቀሰቅሻቸዋለሽ።

ተቃራኒውም አለ። ገንዘብ ታበድሪያለሽ፣ መጽሐፍ ታውሻለሽ። ያበደርሽው ብር ሲመለስ ያው ኖት አይመለስም፤ ያዋስሽው መጽሐፍ ግን ራሱ መምጣት አለበት። እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ለሁለቱም ሰጪው ሌንድ፣ ተቀባዩ ቦሮው ነው። ታዲያ ተማሪዎቼ "ብዕርህን ቦሮው ሚ" የሚሉት ለምን ይመስልሻል? አዋሰና ተዋሰ፣ አበደረና ተበደረ ሥራቸው አንድ ነው፤ የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ የሚለውን ትነግረናለች። በእንግሊዝኛ ያቺ ፊደል የለችም፤ ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ጥንድ አድርገሽ፣ አንዱን ከሌላው ጋር አጋጥመሽ ካልያዝሻቸው ይምታቱብሻል። ኢትና ፊድ (በላ፣ አበላ)፣ ሲና ሾው (አየ፣ አሳየ) እንዲሁ ናቸው።

ምክሬ ይህ ነው። ሦስተኛ ደብተር አትግዢ። ከያዝሻቸው 1,000 ቃላት ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ በጆሮሽ የሰማሻቸውን ብቻ ምረጪ። ለእያንዳንዱ ሙሉ ገጽ ስጪው። ማን ተናገረው? ምን ፈልጎ? ከየትኛው ቃል ጋር ተጎራብቶ መጣ? እኛ በዚያው ቦታ ብንሆን ምን እንል ነበር? መዝገበ ቃላቱ የሰጠሽን አማርኛ ትተሽ አፍሽ የሚያውቀውን አማርኛ ፈልጊ። ኢቬንቹዋሊ የሚለውን ቃል ብዙ ሰው "በመጨረሻ" ብሎ ያልፈዋል። እናቶቻችን "ውሎ አድሮ" የሚሉት ነው። ውሎ አድሮ ይገባዋል፣ ውሎ አድሮ ይከፍላል። በዚያ መንገድ የያዘው ተማሪ ሲረሳው አላየሁም።

የሁለት ልጆች አባት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

መምህር፣ ዛሬ ከእራት በኋላ ልጄን ሪማይንድ ምንድን ነው ብላት "ማስታወስ" አለችኝ። ሪሜምበርስ ስላት እሱም "ማስታወስ" አለችኝ። እስከ ትናንት ቢሆን ሁለቱንም ልክ ብዬ የማልፈው ነበር። በቀን ስንት ቃል ላድርገው?

መምህር ከአቶቴ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡55

ወንድሜ፣ 4 ያድርጉት። ማታ ሲጠይቁም ትርጉሙን አይጠይቁ፤ ዛሬ ከሆነ ነገር ጋር አያይዘው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበሉ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

መምህር፣ እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው የምንማረው። እኔን የሚያስቸግሩኝ ቃላት እንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ላይ አይመጡም፤ ፊዚክስና ባዮሎጂ ላይ ነው የሚያደፍጡት። ባለፈው ሙከራ ፈተና ላይ የሁለት አካላት መጠነ ቁስ "2 ኪሎ ግራም እና 3 ኪሎ ግራም ሪስፔክቲቭሊ" ነው ይላል። ሪስፔክት አክብሮት መሆኑን ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ አውቃለሁ። አክብሮት እዚህ ምን ሊሠራ መጣ ብዬ ቃሉን ዘለልኩት፤ የትኛው 2፣ የትኛው 3 እንደሆነ ሳልለይ ሠርቼ ተሳሳትኩ። "በቅደም ተከተላቸው" ማለት መሆኑን የነገረኝ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ነው።

"የአየርን ፍትጊያ ኔግሌክት አድርግ" የሚለውም እንዲሁ ነው። ኔግሌክት "ችላ ማለት" ተብሎ ስለተማርኩት ጥፋት ይመስለኝ ነበር። ልጁን ኔግሌክት ያደረገ አባት ይወቀሳል አይደል? ፊዚክስ ላይ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ ከሂሳብ አታስገባው ማለት ነው። መካከለኛ የሚባለው ቃል ራሱ የትኛው እንደሆነ ብታስረዱን ደስ ይለኛል።

መምህር ከአቶቴ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡10

ልጄ፣ ጥሩ ጠየቅህ። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው ማዕቀፍ የቋንቋ ችሎታን በ6 ደረጃ ይከፍለዋል፤ ከኤ1 እስከ ሲ2። መካከለኛ የሚባሉት ቢ1 እና ቢ2 ናቸው። ቢ1 ላይ ያለ ሰው በጉዞም ሆነ በሥራ በሚያጋጥሙት የተለመዱ ጉዳዮች ራሱን ያስችላል፤ ቢ2 ላይ ሲደርስ በሐሳብ ደረጃ ያለ ነገርም ያነባል፣ ይከራከራል። የእኛዋ እህት ቢ1ን ረግጣ ወደ ቢ2 እየተሻገረች ይመስለኛል።

ላንተ ግን ሌላ ዝርዝር ይጠቅምሃል። አቬሪል ኮክስሄድ የተባሉ የኒውዚላንድ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2000 በትምህርት ጽሑፎች ውስጥ ደጋግመው የሚመጡ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለይተው አውጥተዋል። ከዌስት 2,000 ቃላት ውጭ ያሉ ናቸው፤ ከትምህርታዊ ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። አሱም (እንበል ብሎ መነሣት)፣ ዲራይቭ (ከሌላ ነገር ማውጣት)፣ አቬይለብል (የሚገኝ)፣ ሪላይ (መተማመን) ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ፊዚክስ፣ ባዮሎጂና ኢኮኖሚክስ ይጋሯቸዋል። የፊዚክስ መምህሩ የእንግሊዝኛ መምህሩ ያስተምራቸዋል ይላል፣ የእንግሊዝኛ መምህሩም ፊዚክስ ላይ ይማሯቸዋል ይላል፤ መሐል ላይ ተማሪው ይቀራል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

"ቤተሰብ" ያልኩትን ልብ በል። ሪላይ ካወቅህ ሪላየብል፣ አንሪላየብልና ሪላያቢሊቲ አብረው ይመጣሉ። እኛም ከአመነ ተነሥተን ታመነ፣ ተማመነ፣ አስተማማኝ እንላለን። አንዱን ስትጽፍ ዘመዶቹን ከሥሩ ጻፋቸው።

በእንግሊዝኛ ብቻ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05

ይቅርታ አድርጉልኝና በዚህ አልስማማም። መምህሩ የሚሉት ሁሉ በአማርኛ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። ሰው እንግሊዝኛ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ማሰብ ሲጀምር ነው። እኔ አማርኛውን ከደብተሬ ያስወጣሁ ቀን ነው የተለወጥኩት። ቃሉንም ፍቺውንም በእንግሊዝኛ አነባለሁ፤ ከዚያ ውጭ ያለው ድካም ነው።

መምህር ከአቶቴ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ወንድሜ፣ ግማሹን እቀበላለሁ። ለተማሪ ተብለው ከሚዘጋጁ መዝገበ ቃላት ውስጥ ፍቺያቸውን በ2,000 ያህል ቀላል ቃላት ብቻ የሚጽፉ አሉ፤ እህታችን እነዚያን ለማንበብ አቅሙ አላት፣ ብትጀምርም ደስ ይለኛል። ነገር ግን አማርኛውን ከደብተር ብናስወጣው ከጭንቅላት አይወጣም። ኦልዞው ብሎ የጀመረ ተማሪ መሐል ላይ በት የሚጨምረው "ምንም እንኳ" ብሎ የጀመረ ሁሉ "ነገር ግን" ሲል ስለኖረ ነው። ያ አማርኛ የትም አልተጻፈም፤ ከውስጥ ሆኖ ነው የሚያዝዘው። አውጥቶ ማየት ይሻላል።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሃርድሊ የሚለውን "ጠንክሮ" እያሉ የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ ሃርድ ጠንካራ ስለሆነ። አይደለም። የእኛ "እምብዛም" ነው። "እምብዛም አይናገርም" እንላለን፤ እምብዛም ያለ አፍራሽ ግሥ አይቆምም። ሃርድሊ ግን አፍራሽነቱን ራሱ ተሸክሞ ስለሚመጣ ኖት ከጎኑ አይገባም። ይህን በእንግሊዝኛ ፍቺ ብቻ ቢያነቡት ኖት መጨመርዎን ማን ይነግርዎታል?

የጀልባ አስጎብኚ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ክርክሩን ወድጄዋለሁ። እኔ ትምህርቴን 10ኛ ላይ ነው ያቆምኩት፤ እንግሊዝኛዬን ያገኘሁት ከእንግዳ ነው። አንድ ቃል ዓመት ሙሉ አሰቃይቶኛል፤ "ዳር" የሚለው። እኛ ሐይቅ ዳር፣ ወንዝ ዳር፣ መንገድ ዳር፣ ገደል ዳር፣ ከተማ ዳር እንላለን። እኔም ሁሉንም ሳይድ እላቸው ነበር፤ ይገባቸዋል፣ ግን ይጠይቁኛል። አንድ ቀን ሴትየዋ ወረቀት አውጥተው በእርሳስ ሥለው አሳዩኝ። ሐይቁ ሲሆን ሾር፣ ወንዙ ሲሆን ባንክ፣ ገደሉ ሲሆን ኤጅ፣ መንገዱ ሮድሳይድ፣ የከተማው ዳርቻ አውትስከርትስ። ባንክ ብር የሚቀመጥበት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወረቀቱ አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ፤ ውኃ ነክቶት ሾር የሚለው ደብዝዟል።

ከዚያ ወዲህ ቃል የምይዘው በቦታ ነው። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ፣ ማራቡ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ አጥማጆቹ ሲበልቱ የሚጥሉትን ለቅመው ይበላሉ። "ዘይ ኢት" ነበር የምለው፤ "ዘይ ፊድ ኦን ስክራፕስ" መሆኑን ከአንድ የወፍ ተመልካች ሰማሁ። ስክራፕስ ርፍራፊው ነው። መምህር ኢትና ፊድን በላና አበላ ብለው ሲጽፉ ይህቺ ኦን የምትባል ቃል ትዝ አለችኝ፤ እሷ ስትጨመር ማብላቱ ቀርቶ በዚያ ነገር መኖር ይሆናል። ልክ ነኝ መምህር?

እህቴ፣ ኮምፕሊመንተሪ እኛንም አጋጥሞናል። አሁን ከመሳፈራቸው በፊት ዋጋውን በወረቀት እናሳያለን።

መምህር ከአቶቴ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡45

ልክ ነህ። ያን ወረቀት በፕላስቲክ አስጠርዘው።

ከሐዋሳ ዙሪያ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡15

ሁላችሁም "የእኛ አማርኛ" ትላላችሁ። እኔ አፌን የፈታሁት በሲዳሙ አፎ ነው፤ አማርኛን የተማርኩት በኋላ ነው። መጽሐፎቹ ፍቺውን በአማርኛ ሲሰጡኝ ሁለት ጊዜ እተረጉማለሁ። አሁን ገጹን ለሦስት ከፍዬ የራሴን ቋንቋ መጀመሪያ አደርጋለሁ። በተለይ የስሜት ቃላት፣ መከፋት፣ ማፈር፣ መጨነቅ የመሳሰሉት፣ እናቴ ከምትናገርበት ቃል ጋር ሲገናኙ ወዲያው ይያዛሉ። የአማርኛውን ዓምድም አልተውኩትም፤ ሥራ ቦታ ያስፈልገኛል።

መምህር ከአቶቴ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡40

ይህን ራሴ መጀመሪያ ማለት ነበረብኝ። ክፍሌ ውስጥ ካሉት ልጆች ብዙዎቹ እንደ አንተ ናቸው። አመሰግናለሁ፣ ነገ ጠዋት ክፍል ውስጥ እጀምረዋለሁ።

የፓርኩ ሠራተኛ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡00

ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ላይ ነኝ። ስለ መርሳት ማንም አላነሣም። ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች ራሱ እያጠና ስንቱን እንደሚረሳ ለክቶ አሳትሟል፤ ከሚረሳው ብዙው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ይጠፋል። እህቴ በየቀኑ 5 አዲስ ጻፍሽ፣ የትናንቱን ግን መቼ ገለጥሽው?

እኔ የጫማ ካርቶን በወረቀት ለሦስት ከፍዬ ካርዶች እከታለሁ። ሊትነር የተባለ ሰው በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። አዲሱ ቃል ፊት ያለው ክፍል ይገባል፣ በየቀኑ አየዋለሁ። ካወቅሁት ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ በሦስት ቀን አንዴ። ከዚያ ወደ ሦስተኛው፣ በሳምንት አንዴ። የረሳሁት ከየትም ይሁን ከየት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምሠራው፣ 15 ደቂቃ ይበቃል። ካርዱ ላይ ግን ነጠላ ቃል አልጽፍም። ሉስ ብቻ ብዬ አልጽፍም፤ ሉስ ትሬድ ብዬ የተመዘዘውን ክር ካርዱ ላይ እለጥፋለሁ።

ሐይቅ ዳር ያለች · እሑድ፣ ከቀኑ 9፡20

አንዳችሁንም ሳላመሰግን አላልፍም። ሁሉንም በወረቀት ገልብጬዋለሁ። ለፓርኩ ሠራተኛ እውነቱን ልመልስ፤ የትናንቱን ገልጬ አላውቅም ነበር።

በዚህ ሳምንት 6 ቃል ብቻ ነው የሠራሁት። ሪላክታንት ላይ ሁለት ቀን ቆየሁ። ደብተሬ "ፈቃደኛ ያልሆነ" ይላል። ግን አንድ እንግዳ ክፍል እንዲቀይሩ ስንለምናቸው ሪላክታንት ነኝ ብለው፣ ትንሽ ዝም ብለው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ተነሡ። ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው እምቢ ይል ነበር። እሳቸው ግን እያቅማሙ፣ ልባቸው ሳይወድ እሺ አሉ። ገጹ ላይ "እያቅማማ፣ እግሩን እየጎተተ" ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም የሻንጣውን ነገር። አፎርድን ደግሞ "ኪሴ አይችለውም" ብዬዋለሁ።

ሐይቅ ዳር ያለች · ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ዛሬ የሆነውን ሳልነግራችሁ መተኛት አልቻልኩም። ከ204 ቁጥር አንዲት እንግዳ ወረዱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አይ አም ሪላክታንት ቱ ኮምፕሌይን፣ በት ዘ ሻወር ሃርድሊ ወርክስ" አሉኝ።

ሪላክታንት ሲሉ ሻንጣው ታየኝ፤ ማማረር አልፈልግም ነበር እያሉኝ ነው። ሃርድሊ ሲሉ "እምብዛም" የሚለው መጣ። ከወር በፊት ቢሆን ሻወሩ በኃይል ይሠራል አሉ ብዬ ደስ ብሎኝ አመሰግናቸው ነበር። የቧንቧ ሠራተኛውን ጠራሁ፣ በ20 ደቂቃ ተስተካከለ። እስኪሠራ ሻይ ጋበዝኳቸው፤ "ኢት ኢዝ ኮምፕሊመንተሪ" አልኳቸው።

መምህር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ይቅርታ ስጠይቃቸው ኢንኮንቪኒየንስ የሚለውን ቃል ተጠቀምኩ። ገጹ ላይ "መጉላላት" ልበለው ወይስ "እንግልት"?

መምህር ከአቶቴ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡35

መጉላላት በይው። እንግልት ለሻወር ይከብዳል፤ እሱን ለሃርድሺፕ አስቀምጪው። ከጎኑም የ204ን እንግዳ ጻፊ።